ልጄን ለልጆች ኳየር ኦዲሽን ወሰድኳት፣ ያየሁትን ሁሉ ልንገራችሁ (ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ)

ሰላም እንዴት ናችሁ። በየቴሌግራም ግሩፑ "ልጄ መዝፈን ትወዳለች የት ላስገባት፣ ኦዲሽን የሚሉት ነገር ምንድነው፣ ምን አዘጋጃት" የሚል ጥያቄ ደጋግሜ ስላየሁ እኔ ከልጄ ጋር ያለፍኩበትን ከመጀመሪያው ጀምሬ ልጻፈው ብዬ ነው። ረዘም ይላል። ግን ያኔ ይሄን የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ ስንት ሌሊት እንቅልፍ ባላጣሁ ነበር፣ ስለዚ ታገሱኝ።

የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ነው። ልጄ አሁን 10 ዓመቷ ነው፣ ኦዲሽን የገባችው ግን በፈረንጆቹ 2023 ኦገስት መጨረሻ፣ ፍልሰታ በተፈታ በሳምንቱ፣ የ8 ዓመት ልጅ እያለች ነው። አሁን ሁለት ሲዝን ጨርሳለች። ኳየሩ ኮሚዩኒቲ ኳየር የሚባለው ዓይነት ነው፣ ማለት የትምህርት ቤትም የቤተክርስቲያንም አይደለም፣ የአካባቢው ልጅ ሁሉ ተፈትኖ መግባት ይችላል፣ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው፣ አዳራሽ ተከራይተው በሳምንት አንድ ቀን አንድ ሰዓት ተኩል ይለማመዳሉ፣ በዓመት ሁለት ትልልቅ ኮንሰርት አላቸው አንዱ ዲሴምበር ላይ አንዱ ሜይ ላይ። ልጆቹ በዕድሜና በችሎታ ሦስት ቦታ ይከፈላሉ። ስሙን አልጽፍም ምክንያቱም ከልቤ የማመሰግንበትም ቅር ያለኝም ነገር አለ፣ የሚያንቀሳቅሱት ደሞ ሦስት አራት ሰዎች ናቸው፣ ስም ጠርቼ ላስቀይማቸው አልፈልግም።

መጀመሪያ ሌላ ቦታ ሞክረን ነበር፣ የዚያው ዓመት ማርች ላይ። እሱን ቶሎ ልለፈው ምክንያቱም አሁንም ሳስበው ያናድደኛል። ልጅቷ ደረት ላይ ቁጥር ለጠፉ፣ ሦስት ሰዎች ከረጅም ጠረጴዛ ኋላ ተደርድረው ተቀምጠዋል፣ ወላጅ አይገባም አሉኝ፣ ገብታ አምስት ደቂቃ እንኳ ሳትቆይ ወጣች። በኋላ ስጠይቃት ኖታ የተጻፈበት ወረቀት ሰጥተው ይሄን ዝፈኚው አሏት፣ እሷ ኖታ በዓይኗ አይታ አታውቅም፣ ዝም ብላ ቆመች፣ አመሰግናለሁ ብለው አስወጧት። መኪና ውስጥ ገብታ ቀበቶዋን እስክታስር አንድ ቃል አልተናገረችም፣ ከዛ ቀስ ብላ "እማዬ እኔ ድምፄ አስቀያሚ ነው እንዴ" አለችኝ። በሁለተኛው ቀን አንድ መስመር ኢሜይል መጣ፣ የግል ትምህርት ብትጀምር ይሻላል የሚል። ሻወር ቤት ገብታ ስትዘምር ሰፈር የሚሰማት ልጅ ከዛ በኋላ ወራት ዝም አለች። ቤቱ ራሱ ጭር አለብኝ።

እናቴ አብራን ነው የምትኖረው፣ እሷ ናት ያነሳቻት። ማታ ማታ ጭኗ ላይ አስተኝታ የቅዱስ ያሬድን ታሪክ ትነግራታለች፣ ትምህርት አልገባው ብሎ ሲሸሽ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ትሉ ግንዱን ሊወጣ ሲሞክር ስድስቴ ወድቆ በሰባተኛው ሲወጣ እንዳየ፣ ከዛ ተመልሶ ተምሮ ዜማውን ሁሉ እንዳበረከተልን። ሁላችንም ልጅ ሆነን የሰማነው ታሪክ ነው አይደል፣ ግን ለልጄ እንደ አዲስ ነው የገባት። አንድ ቀን ቁርስ እየበላች "እኔ እኮ ገና አንዴ ነው የወደቅኩት" አለች። እኔም የዛኑ ቀን ሌላ ቦታ መፈለግ ጀመርኩ፣ ይሄኛውን የጠቆመችን የትምህርት ቤቷ የሙዚቃ አስተማሪ ናት።

ፎርሙ ኦንላይን ነው፣ ስም ዕድሜ ክፍል ምናምን፣ ከዛ "የሙዚቃ ልምድ" የሚል ሳጥን አለ። ባዶ ተውኩት። ምን ልጻፍ፣ ፒያኖ አልተማረች፣ ቫዮሊን አልያዘች። ይሄ ስህተት ነበር፣ እናንተ እንዳትደግሙት። ልጄ ከ4 ዓመቷ ጀምራ ሰንበት ትምህርት ቤት ትዘምራለች፣ ረጃጅም መዝሙር ከነ አዝማቹ በቃሏ ይዛለች፣ ከበሮ እየሰማች ማጨብጨብና በአንድነት መወዛወዝ ታውቃለች፣ መሪው ሲያነሳ መቀበል ታውቃለች። ፎርሙን የሚያነቡት ሰዎች የሚፈልጉት ልምድ ማለት እሱ ነው፣ በቡድን መዘመር የለመደ ልጅ፣ ሌላውን የሚሰማ ልጅ። ዳይሬክተሯ በኋላ ስነግራት "ታዲያ ለምን አልጻፍሽውም" ብላ ነው የተገረመችው። የፕሮቴስታንት ቤተሰብ ከሆናችሁ ደሞ ልጁ የልጆች ኳየር ውስጥ ካለ ጻፉት፣ በተለይ በድምፅ ተከፋፍሎ መዘመር ከለመደ ብዙ ርቀት ሄዷል ማለት ነው።

አሁን ወደ ዕለቱ። ቀጠሯችን 4:20 ነበር፣ የገባነው አምስት ሰዓት ሊሆን ሲል ነው፣ ማለት 35 ደቂቃ ቆመን ጠበቅን። ከመቆየቱ ይልቅ የከፋው ኮሪደሩ ነው፣ ግድግዳው ስስ ነው፣ ውስጥ የሚፈተነው ልጅ ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይሰማል። ከልጄ በፊት የገባችው ልጅ ድምፅዋ እንደ ደወል ነው፣ ልጄ እየሰማች እጄን ጨምቃ ጨምቃ ላብ በላብ አረገችው። "እንደሷ አልችልም እንሂድ" አለችኝ። የ8 ዓመት ልጅ ያለ ምንም ዝግጅት ሌላዋን ልጅ እየሰማች እንድትጠብቅ ማድረግ ልክ አይደለም፣ ወንበሮቹን ወደ ኮሪደሩ ጫፍ ማዞር ብቻ ነው የሚፈልገው። ይሄን ነግሬያቸዋለሁ፣ በሚቀጥለው ዓመት ያለፍኩ ጊዜ ወንበሮቹ ተነስተው ደጅ ድንኳን ሥር አየኋቸው፣ ስለዚ ይሰማሉ ማለት ነው።

እዚህ ወላጅ መግባት ይችላል፣ ኋላ ወንበር ላይ ዝም ብሎ እስከተቀመጠ ድረስ። ስለዚ ሁሉንም በዓይኔ አየሁት።

ዳይሬክተሯ ስልሳ ዓመት የሚሆናት ሴትዮ ናት፣ ብቻዋን፣ ፒያኖና አንድ ወረቀት። መጀመሪያ ስሟን ጠየቀቻት። ስሟ ውስጥ "ጽ" አለች፣ ለፈረንጅ ምላስ ከባድ ናት፣ ትምህርት ቤት ሁሉም እንዳሻው ነው የሚጠራት። ሴትዮዋ አንዴ አለችው ተሳሳተች፣ ደገመችው ተሳሳተች፣ "አንቺ ቀስ ብለሽ በይልኝ አፍሽን ልየው" አለቻት፣ በሦስተኛው አገኘችውና ወረቀቷ ላይ እንደሰማችው አድርጋ ጻፈች። ልጄ ትንሽ ፈገግ አለች። እኔ እዛች ጋ ነው ልቤ የተመለሰው።

ግን አንገቷን ደፍታለች። የኛ ልጆች ታላቅ ሰው ፊት ዓይን አፍጥጦ ማየት ነውር ነው ብለን ነው የምናሳድጋቸው አይደል፣ እዚህ አገር ደሞ ዓይን አለማየት በራስ አለመተማመን ተደርጎ ይወሰዳል። በዚህ ብዙ የኛ ልጆች የሚጎዱ ይመስለኛል፣ ቃለ መጠይቅ ላይም ክላስ ውስጥም። ሴትዮዋ ምንም አላለቻትም፣ ወንበሯን ዞር አድርጋ ሁለቱም ፒያኖውን እንዲያዩ አደረገች፣ ጎን ለጎን ሆኑ። ከዛ የልጅቷ ትከሻ ሲወርድ ታየኝ።

የመጀመሪያው ነገር ዘፈን አይደለም። "አምቡላንስ እንሁን" አለቻት። ከታች ጀምሮ ድምፅን እያንሸራተቱ እስከ ላይ መውጣት፣ ከዛ መውረድ፣ እንደ ሳይረን። ልጄ ሳቀችና አደረገችው። ይሄ ጨዋታ ይመስላል ግን ትልቁ ፈተና እሱ ነው፣ በኋላ ነው የተረዳሁት። የልጅ ድምፅ ሁለት ቦታ አለው በሉት፣ አንዱ ስናወራ ስንጮህ የምንጠቀመው ወፍራሙ የደረት ድምፅ፣ ሌላው ከላይ ያለው ቀላሉ፣ የራስ ድምፅ ይሉታል። የልጆች ኳየር በአብዛኛው የሚዘምረው በዚህ በቀላሉ ነው። የኛ ልጆች ደሞ ከበሮና ጭብጨባ እያለ ስለሚዘምሩ በደረት ገፍተው ጮክ ማለት ነው የለመዱት፣ ጮክ ያለ ልጅ ነው "ጎበዝ" የሚባለው። ስለዚ ብዙዎቹ የላይኛው ድምፅ እንዳላቸው ራሱ አያውቁም። ሳይረኑ እሱን ያሳያል፣ ልጁ ወደ ላይ ሲንሸራተት ድምፁ በራሱ ቦታ ይቀይራል። እቤት ማዘጋጀት ከፈለጋችሁ ይሄን ብቻ አጫውቷቸው፣ ሳይረን፣ የጉጉት ድምፅ፣ በእርጋታ። ትልልቅ ዘፋኞችን በዩቲዩብ እያስመሰላችሁ እንዲጮሁ አታድርጉ፣ ጉሮሯቸውንም ይጎዳል ኦዲሽኑንም ያበላሻል።

ቀጥሎ ፒያኖ ላይ አንድ ኖታ መታች፣ "ሉ ብለሽ መልሺልኝ"። ልጄ ከኖታው በጣም ዝቅ ብላ አለችው። እኔ ወንበሬ ላይ ደረቅኩ። ሴትዮዋ አላረመቻትም፣ ፊቷም አልተቀየረም፣ ፒያኖውን ተወችውና ያንኑ ኖታ በራሷ ድምፅ "ሉ" አለቻት። ልጄ ወዲያው ልክ ቦታው ላይ አረፈች። ሌላ ኖታ በድምፅ፣ ልክ። ሌላ፣ ልክ። ከዛ ሦስት ኖታ አከታትላ፣ ከዛ አምስት። ከአምስቱ አንዱን ብቻ ነው የሳተችው። በኋላ ዳይሬክተሯን ስጠይቃት ብዙ ልጆች የሰውን ድምፅ ቶሎ ነው የሚይዙት፣ የፒያኖ ድምፅ ሌላ ነገር ስለሆነ ወደ ራሳቸው ድምፅ መተርጎም ይቸግራቸዋል አለችኝ። የመጀመሪያው ቦታ የነበሩት ይሄን አንድ ነገር ቢያደርጉ ኖሮ ልጄ ያን ሁሉ ወር ባልተዘጋች ነበር።

ከዛ ጭብጨባ። ሴትዮዋ ታጨበጭባለች ልጄ ትመልሳለች፣ መጀመሪያ አራት ምት፣ ቀስ እያለ ከበድ ከበድ ያለ። ልጄ አንዱንም አልሳተችም። "አሁን የራስሽን አምጪ እኔ ልመልስ" አለቻት። ልጄ የሰንበት ትምህርት ቤቱን የከበሮ ምት አጨበጨበችላት፣ ያቺን ወደ ጎን የምትወዛወዘውን፣ ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ሴትዮዋ መለሰች፣ ተሳሳተች። "ድገሚልኝ"። ደገመችላት፣ አሁንም ጫፏን ሳተችው። ልጄ ተነስታ ቆማ በእግሯም እየረገጠች አሳየቻት፣ ያቺ አንገቷን የደፋች ልጅ እኮ ናት። በሦስተኛው ሴትዮዋ አገኘችውና ሁለቱም አብረው አጨበጨቡ። ወረቀቷ ላይ ረጅም ነገር ጻፈች።

መጨረሻ ላይ ዘፈን። ኢሜይሉ ላይ "የምታውቀውን ቀላል ዘፈን ያለ ሙዚቃ ትዘምራለች፣ የልደት መዝሙሩም ይሆናል" ስለሚል እሱን ነበር ያለማመድናት፣ አለችው፣ ደህና ነው። እውነቱን ለመናገር የልደት መዝሙሩ ለልጅ ቀላል አይደለም፣ መሃሉ ላይ ስም ከመጠራቱ በፊት ያለችው ዝላይ ሙሉ ስምንት ድምፅ ትዘላለች፣ ከፍ ካለ ቦታ ከጀመሩት ልጁ እዛ ጋ ይሰበራል። ዝቅ ብላችሁ ጀምሩላቸው። ከዛ "እቤት ውስጥ የምትሰሚው ዘፈን አለ?" አለቻት። ልጄ ዞር ብላ እኔን አየችኝ፣ ራሴን ነቀነቅኩ፣ አያቷ ታናሽ ወንድሟን የምታስተኛበትን እሹሩሩ አለችው። በአማርኛ። ቀስ ብላ፣ ሳትገፋ፣ ያ ላይኛው ድምፅ ራሱ መጣ። እናቴን ሰማኋት በሷ ውስጥ፣ አተነፋፈሷ ሳይቀር።

በጠቅላላ 12 ደቂቃ።

አሁን የገረመኝን ነገር ልንገራችሁ። ውጤቱ በስምንተኛው ቀን በኢሜይል መጣ፣ ታናሾቹ ቡድን ውስጥ ገብታለች፣ ከሥሩ "ጆሮዋ በጣም ጥሩ ነው፣ በተለይ እቤት የምትሰማውን ዜማ እንድትቀጥሉበት እጠይቃለሁ" ይላል። ገርሞኝ የወላጆች ስብሰባ ላይ ዳይሬክተሯን ጠየቅኳት። ኳየሩ የሚያስተምርበት መንገድ የሀንጋሪው የሙዚቃ ሰው ዞልታን ኮዳይ (1882–1967) የጀመረው ነው፣ የሱ ሀሳብ ልጅ ሙዚቃን መማር ያለበት ከአፍ መፍቻ ቋንቋው ነው፣ ማለት ከራሱ አገር የሕዝብ ዜማ ነው፣ መሣሪያውም መጀመሪያ የገዛ ድምፁ ነው የሚል ነው። ዶ ሬ ሚ ፋ ሶ ላ ቲ ከሚባሉት ድምፆች ልጆቹን መጀመሪያ ሶና ሚ ብቻ ያስተምራሉ፣ ከዛ ላ ይጨመራል፣ ከዛ ሬና ዶ፣ አምስት ይሞላል። ፋና ቲ የሚመጡት ኋላ ነው ምክንያቱም ግማሽ እርምጃ (ሁለት ድምፆች በጣም የተጠጉበት) ያለበት ቦታ ለትንሽ ልጅ ጆሮ ከባድ ነው። ዶ ሬ ሚ ሶ ላ። ይሄ ምን እንደሆነ አወቃችሁ? ትዝታ ሜጀር የሚባለው ቅኝት (የኛ ዜማ የሚሠራበት የድምፆች ስብስብ) ነው! አምስቱም ኖታ አንድ ነው። እዚህ አገር ያሉ ልጆች ክላስ ገብተው አንድ በአንድ የሚማሩትን አምስት ድምፅ የኛ ልጅ ከጡት ጋር ነው የጠጣችው። የቤታችን ሬዲዮ፣ የእናቴ እንጉርጉሮ፣ ሰርግ ላይ የምትሰማው፣ ሁሉም ከቅኝት ነው የሚቀዳው። ይሄን ሳላውቅ ነው እኮ "የሙዚቃ ልምድ" የሚለውን ባዶ የተውኩት።

ስለዚ ኦዲሽን ደረሰ ብላችሁ ቤታችሁ ውስጥ ያለውን ዜማ ዘግታችሁ የእንግሊዝኛ ዘፈን ብቻ አታስጠኑ። ይሄ የኔ ትልቁ መልእክት ነው ብላችሁ ያዙልኝ።

በርግጥ የኛ ጆሮ የራሱ ችግር ይዞ ይመጣል፣ እሱንም ልንገራችሁ። የመጀመሪያዎቹ ወራት ልጄ እንደ ውሃ ነው የሄደላት። እያንዳንዱ ድምፅ የእጅ ምልክት አለው፣ ምልክቶቹ ከእንግሊዙ ጆን ከርወን የመጡ ናቸው፣ ዶ ጭብጥ ያለ እጅ ነው ከወገብ አጠገብ፣ ሚ መዳፍ ወደ ታች ጠፍጣፋ፣ ሶ መዳፏን ወደ ራሷ አዙራ፣ ላ ደሞ እጅ ከአንጓው ተንጠልጥሎ፣ እየዘመሩ እጃቸው ከፍ ዝቅ ይላል። እራት ላይ ሳይቀር እያሳየች እናቴን አስተማረቻት። ፌብሩዋሪ ላይ ፋ መጣች (አውራ ጣት ወደ ታች)፣ እዛ ጋ ተያዘች። ከሚ ወደ ፋ ስትሄድ አልፋት ሶ ላይ ታርፋለች፣ ወይ ሚ ላይ ትቀራለች፣ መሃል ያለችውን ጠባብ ቦታ አታገኛትም። ሦስት ሳምንት አለቀሰች። ዳይሬክተሯን ሳዋያት "እንደዚህ ዓይነት ጠባብ እርምጃ ያለበት ዜማ እናንተ ጋ የለም?" አለችኝ። አለ እንጂ፣ አምባሰል የሚባለው ቅኝት ከመጀመሪያው ድምፅ ወደ ሁለተኛው ግማሽ እርምጃ ናት፣ አንቺ ሆዬም እንደዛው። እቤት ሄደን የአምባሰል ማሲንቆ ከፍተን መኪና ውስጥ ወጥ ቤት ውስጥ አብረን ማንጎራጎር ጀመርን፣ ፋን ሳንጠራ። ከኤፕሪል በፊት ተፈታላት። ቅኝቱ ሌላ ነው ፋዋም ሌላ ቦታ ናት፣ ግን ጆሮዋ ጠባብ ቦታ ላይ ማረፍ ለመደ።

ሌላው ከባዱ ነገር ሁለት ድምፅ ሆኖ መዘመር ነው። እኛ ቤተክርስቲያን ሁሉም አንድ ዜማ ነው የሚያነሳው፣ መቶ ሰው ቢሆን አንድ ነው። እዚህ ግማሹ ይሄን ሲል ግማሹ ሌላ ይላል፣ ልጄ የጎረቤቷን ዜማ ስትሰማ ወደዛ ትሄዳለች፣ ለሷ መከተል ማለት አክብሮት ነው እኮ። አንድ ጆሮዋን በመዳፏ ሸፍና የራሷን እየሰማች ነው የለመደችው። አሁን ከአልቶዎቹ (ዝቅ ያለውን ድምፅ ከሚዘምሩት) ጎን ነው የሚያቆሟት፣ አትነቃነቅም ይላሉ።

እናቶች በውስጥ መስመር የምትጠይቁኝ ጥያቄ አለ፣ እሱንም በግልጽ ልመልስ። ዘፈን ነው ወይስ መዝሙር? እናቴም መጀመሪያ "ዘፋኝ ልታደርጊያት ነው ወይ" ብላኝ ነበር። ከፍዬ ሳልፈርም በፊት የዓመቱን ዝርዝር ጠየቅኳቸው፣ ያለ ምንም ማቅማማት ላኩልኝ። የየአገሩ የሕዝብ ዜማ፣ የድሮ ክላሲካል፣ በላቲን የሆነ የቤተክርስቲያን መዝሙር፣ የክረምት ዜማዎች። ለናቴ አንድ በአንድ አነበብኩላት፣ ሁለቱን "ይሄ ይቅር" አለች፣ ለዳይሬክተሯ ነገርኳት፣ አንደኛው የሃይማኖት ጉዳይ ስለሆነ ልጅቷ በዛ ሰዓት ዝም ብትል ወይ ወንበር ላይ ብትቀመጥ ችግር የለም አለች፣ ሁለተኛው ቃሉ ሲተረጎምልን ምንም የለበትም። ዝም ብላችሁ ከመራቅ ጠይቁ፣ የተጠየቁ ጊዜ ይመልሳሉ።

አሁን ቅር ወዳለኝ። ክፍያው። ኦዲሽኑ ነፃ ነው፣ እሺ። ልጅቷ ተቀባይነት አግኝታ ቤቱ ሁሉ እልል ብሎ፣ አክስቷ ከዳላስ ደውላ እንኳን ደስ ያለሽ ካለቻት በኋላ ነው የዓመቱ ክፍያ 640 ዶላር መሆኑን ያየሁት፣ ልብሱ ለብቻው 70፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ግማሹን ክፈሉ ይላል። እኔ ሆስፒታል የማታ ሺፍት ነው የምሠራው፣ ባለቤቴ ይነዳል፣ ሴፕቴምበር ደሞ የትምህርት ቤቱ ወጪ አለ እንቁጣጣሽ አለ። ለልጅ ተስፋ ሰጥቶ ከዛ ዋጋ መንገር ወላጅን ጥግ ማስያዝ ነው። የክፍያ እርዳታ እንዳለ ያወቅኩት ደሞ በአጋጣሚ ነው፣ ገጹ መጨረሻ ላይ በትንሽ ፊደል ነው የተጻፈው፣ ጠቅ ስታደርጉት የገቢ ማስረጃ ይጠይቃል፣ ሞላሁት፣ በአራት ቀን ውስጥ ግማሹን ቀነሱልኝ፣ የሚያሳፍር ጥያቄም አልጠየቁኝም። ገንዘቡ አለ ማለት ነው፣ ታዲያ ለምን ከፊት አይጽፉትም? ስንት የኛ ሰው ዋጋውን አይቶ ልጁን "በሚቀጥለው ዓመት" ብሎ ይመልሳል። የክፍያ እርዳታ መጠየቅ ልመና አይደለም፣ ለዛው የተቀመጠ ገንዘብ ነው፣ ኦዲሽኑን ከመያዛችሁ በፊት በኢሜይል ጠይቁ።

ሁለተኛው መቅረት ነው። በአንድ ሲዝን ከሦስት ቀን በላይ የቀረ ኮንሰርት ላይ አይቆምም። ሕጉ ጥሩ ነው፣ ግን ካላንደራቸው የኛን በዓል አያውቅም። በ2024 የነሱ ፋሲካ ማርች 31 ነበር የኛ ሜይ 5፣ የመጨረሻው ትልቅ ልምምድ የዋለው ልክ በስቅለት ዓርብ። ልጅቷ ስትሰግድ ውላ፣ እኛም ሙሉ ቀን ቤተክርስቲያን ሆነን፣ እንዴት አድርጌ ነው 5 ሰዓት ላይ አዳራሽ የማደርሳት። ኖቬምበር ላይ ካላንደሩ እንደወጣ ስላየሁት ወዲያው ጻፍኩ፣ ፈቀዱልኝ፣ እንደ መቅረትም አልቆጠሩትም። ሜይ ውስጥ ብጽፍ ኖሮ ምን እንደሚሉኝ አላውቅም፣ ስለዚ ካላንደሩ እንደደረሳችሁ የስቅለትን የጥምቀትን የገናን ቀን እዩና ቀድማችሁ አሳውቁ።

መኪና ማቆሚያው ጠባብ ነው፣ ከሰዓቱ ሩብ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ፣ ሌላ የምለው የለም።

ኦዲሽኑ በየዓመቱ ኦገስት መጨረሻ አካባቢ ነው፣ ጃንዋሪ ላይም ቦታ ካለ ጥቂት ልጆች ይቀበላሉ። ልጁ ካልገባ በሚቀጥለው ጊዜ ድጋሚ መሞከር ይችላል፣ ለምን እንዳልገባም በሁለት ሦስት መስመር ይጽፋሉ፣ የጎረቤቴ ልጅ አልገባም ነበር "የላይኛውን ድምፅ ገና አላገኘውም፣ ሳይረኑን እየተጫወተ በጃንዋሪ ይመለስ" ብለው ጻፉለት፣ ተመለሰ ገባ። ታናሽ ወንድሟ አሁን 6 ዓመቱ ነው፣ በሚቀጥለው ዓመት እወስደዋለሁ፣ ከወዲሁ እህቱ እየፈተነችው ነው ሳሎን ውስጥ፣ መጀመሪያ ስሙን ትጠይቀዋለች።

ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቻቸዋለሁ። አንዷን የቀነስኩት ለክፍያው ገጽ ነው፣ ዋጋውንና እርዳታውን ወደ ላይ ካወጡት ተመልሼ አስተካክላለሁ።